ሰባተኛዋ ምሰሶ

አቢጋኤል ጴጥሮስ ቅናት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን አታውቅም ነበር። ቅናት ሲባል የምታውቀው ሁለት ሴቶች መንገድ ላይ ፀጉር ሲነጫጩ ነው። የእሷ ቅናት ግን ፀጉር የሚያስነጭ አልነበረም። ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ኮምፒውተር አስከፍቶ፣ አንዲት ሰማያዊ መስመር ላይ ሲያስፈጥጥ የሚያውል ክፉ ቅናት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቢጋኤል የምትሠራበት ፕሮጀክት ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ አጠገብ ሁለት ክፍል ቢሮ አለው። ዋናው ሥራው ግን በአንጋጫ በኩል፣ ከአምበርቾ ተራራ ሥር ባሉት የእንሰት ጓሮዎች ውስጥ ነው። እዚያ ምሰሶዎች ተተክለዋል፤ በየምሰሶው ጫፍ አንዳንድ ነጭ ሳጥን አለ። ሳጥኗ የአፈሩን እርጥበት፣ የዝናቡን መጠን፣ የፀሐዩን ብርታት፣ በየደቂቃው ከጎረቤቷ የሚደርሳትን የሬዲዮ ጉልበትም ትለካለች። ያየችውን ሁሉ ከነሰዓቱ ታጠራቅምና በቀን አንድ ጊዜ ያለ ሽቦ፣ በሬዲዮ ለጎረቤቷ ትነግራለች። ጎረቤቷ ለጎረቤቷ፣ ያቺም ለሌላዋ እያለች ወሬው አቢጋኤል ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል።

ይድረስ እንጂ እንዴት እንደሚደርስ የሚያውቀው የፕሮጀክቱ ቴክኒሻን ሚክያስ ነው። ቢሮ ተቀምጠው «መሣሪያው ይሠራል» ማለት ቀላል ነው። ክረምት ሲገባ ጉንዳን በሽቦው ቀዳዳ ገብቶ ሳጥኑ ውስጥ ቤት ይሠራል። ጉሙ ፀሐይ የሚሰበስበውን ሰሌዳ ለሳምንት ይጋርደዋል። በሬ ጀርባው በበላው ቁጥር ምሰሶውን ለእሱ የተተከለ ማከኪያ ያደርገዋል። እንሰቱም አያርፍም፤ አድጎ አድጎ በእርጥብ ቅጠሉ የሬዲዮውን መንገድ ይዘጋል። መብረቁን እንተወው። ይህን ሁሉ ጭቃ እየረገጠ የሚጠግነው ሚክያስ ነው፤ እሱ ይጠግናል፣ አቢጋኤል ሆሳዕና ሆና ታያለች።

ፍቅራቸውም የተጀመረው በዚሁ ማየት ነው። ምሰሶዎቹ በተተከሉበት ሳምንት፣ ለሙከራ ሲባል ሳጥኖቹ ሳያጠራቅሙ፣ ሳያቋርጡ እንዲያወሩ ተደርጎ ነበር። እሷ ኮምፒውተሩ ፊት፣ እሱ ተራራው ሥር፣ ስልክ በጆሮ። በድንገት በስድስተኛዋና በሰባተኛዋ ምሰሶ መካከል ያለው የሬዲዮ ጉልበት፣ ያቺ ሰማያዊ መስመር፣ ዝቅ አለች። የሰው ገላ ከመሃል ሲቆም ወሬውን ይጋርደዋልና።

«ሚክያስ፣ ከሰባተኛዋ ፊት የቆምከው አንተ ነህ?» አለችው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መስመሩን ጋረድከዋ! ዞር በል፣ እያየሁህ ነው።»

ዞር አላለም። ትንፋሹ በስልኩ ይሰማት ነበር።

«ከሆሳዕና?» አለ ቆይቶ። «እንግዲያው ትንሽ እዪኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ አቢጋኤል ሰው አልሆነችም። ሚክያስም አልሆነም። ስልካቸው ይሞቃል፣ ካርድ ያልቃል፣ ቢሮ ሲመጣ ዓይናቸው ይገናኝና ሁለቱም ግድግዳ ያያሉ። ፍቅርና ጭስ አይደበቅም እንደሚባለው፣ ወሬው አቶ ጴጥሮስ ጆሮ ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም።

አቶ ጴጥሮስ የአቢጋኤል አባት ናቸው። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ይሸጣሉ። «ግማሹ ሆሳዕና የሚያድረው በእኔ ቆርቆሮ ሥር ነው» ማለት ይወዳሉ፤ ውሸትም የለበትም። ሚክያስን ሱቃቸው አስጠሩትና ከላይ እስከ ታች አዩት።

«የምታድረው የት ነው?»

«ተከራይቼ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ ለአገሩ ሁሉ ጣሪያ ሸጬ ልጄን ጣሪያ ለሌለው አልድርም። ቤት ሥራና ሽማግሌ ላክ። እስከዚያ ድረስ በልጄ ስልክ ላይ ድምፅህን እንዳልሰማ።»

«እሺ ጋሼ። ቃሌ ነው» አለ ሚክያስ።

አቢጋኤል ይህን ስትሰማ በሆዷ ሳቀች። ለአባት የተገባ ቃል ለልጅቱ ሲባል ይሰበራል፣ ይህማ የታወቀ ነው። አንድ ሳምንት ጠበቀች፤ አልሰበረውም። ደወለችለት፤ አላነሳም። ተራራው ሥር ያለው ሰውዬ ጨርሶ ዝም አለ። ለካ ቃል የሚጠብቅ ወንድ እንደዚህ ያበሽቃል! ሆዷ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ወደ ቁጣ፣ ቁጣውም ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ለዚያ ሌላ ነገር ስም ያወጣለት የፕሮጀክቱ ሾፌር አብዱራህማን ነው፤ ሳያውቅ፣ በጨዋታ።

«የእናንተ ሚክያስማ ተመችቶታል» አለ አንድ ቀን ቁልፉን እያሽከረከረ። «ሰባተኛዋ ምሰሶ ያለችበት ጓሮ የአቶ ላምቤቦ አይደል? ትናንት ስደርስ ልጃቸው ገነቴ አተካና ሠርታ ከፊቱ አስቀምጣለች። ቡላው በቅቤ ይዋኛል! እንዲያ የሚቀለብ ወንድ ከዚያ ተራራ ይወርዳል ብለሽ ነው?»

«ገነቴ ምን ዓይነት ናት?» አለች አቢጋኤል፣ ወረቀት እያገላበጠች።

«አቤት ቁመት! ጠይም ናት፣ ስትስቅ ደግሞ…»

«ይበቃል፣ ሥራ አለብኝ አብዱ።»

ያን ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ መስታወት ፊት ቆመች። ቁመቷን አየች። አጭር ናት፤ አጭር መሆኗን እስከዚያ ቀን አስባው አታውቅም ነበር። ሳታስበው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ ነው ሰማያዊዋ መስመር ላይ ማፍጠጥ የጀመረችው። አንድ ጠዋት የሰባተኛዋን ወሬ ስትከፍት መስመሯ ለጥቂት ጊዜ ወርዳ፣ እንደገና ወጥታ አገኘቻት። ሰው ቆሟል! «እንግዲያው ትንሽ እዪኝ» ያለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ደወለ። የሚወደኝማ ይወደኛል፣ በስልክ ቢያቅተው በዚህ ጠራኝ፣ ብላ በደስታ ጠረጴዛውን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ከዚያ ሰዓቱን አየች፤ ሦስት ይላል። ኮምፒውተሩ የሚናገረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ፣ እንደ ልማዷ በሆዷ ወደ አበሻ ለወጠችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአምበርቾ ሥር ማን ይቆማል? ጅብ አይቆምም፤ ያልፋል። ሌባ ቢሆን ሳጥኗን ይዞ ይሄድ ነበር። በዚያ ሰዓት ሰው ጓሮ የሚቆመው በር እስኪከፈትለት ነው። የሚብሰው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት መምጣቱ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ቀኑ የአንጋጫ ገበያ የሚውልበት ነው። አብዱራህማንን እንደ ዋዛ ስትጠይቀው «አቶ ላምቤቦ በገበያ ቀን እቤት አይገኙም፤ በሌሊት ነው የሚወጡት» አላት። በቃ። አባት ይወጣል፣ ሚክያስ ይገባል። ቅናት ከጀመረው በኋላ ሁሉ ነገር ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ የገበያው ቀን እንኳ መሰከረበት።

ስንት ጊዜ አለቀሰች መሰላችሁ! እርግማኑም ቢሮ ውስጥ ነው፣ ለቅሶውም ቢሮ ውስጥ ነው። «ቃሌ ነው ያለው ለአባቴ አይደለም፣ እኔን ለመገላገል ነው» እያለች ራሷን ታቃጥላለች። በመጨረሻ ሁለት ነገር አደረገች፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን።

አንደኛው፦ ለአለቃዋ «ሰባተኛዋ ምሰሶ ቦታዋ አይመችም፣ መስመሩ ይቆራረጣል፣ ትነሣ» ብላ ጻፈች። አለቃዋም አምኗት ፈረመ። ከገነቴ ጓሮ ምሰሶ ሲነሣ ሚክያስም ይነሣል ብላ ነው።

ሁለተኛው፦ ሁለት አይሱዙ ያለው የዱራሜ ነጋዴ ለልጁ ሲጠይቃት ከርሞ ነበር። ማታ አባቷ ፊት ቀረበችና ራሷን ሳታቀና «እሺ አባዬ፣ ይምጡ» አለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። አቢጋኤል ግን ያን ማታ ያፈሰሰችውን ገና አላወቀችም፤ በቀሏን የጨረሰች መስሏት አልጋዋ ላይ ወደቀች።

አርብ ረፋድ ላይ ሚክያስ ቢሮ ገባ። ዝናብ ቀጥቅጦታል። ጃኬቱን አውልቆ የሸፈነው ራሱን አልነበረም፤ ሳጥኗን ነው። ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጣትና ዓይኗን ፈለገ።

«ጌታ ይመስገን፣ ወንድም ሚክያስ። እንደምን አለህ?» አለች አቢጋኤል። ወንድምነቱ ከተራራው ጉም ይቀዘቅዝ ነበር።

«አቢ፣ ሰባተኛዋን ለምን አስነቀልሻት?»

«መስመሩ ይቆራረጣላ።»

«የምቆርጠው እኔ አይደለሁ እንዴ!» አለ። «ካላወራሁሽ፣ ካልደወልኩልሽ፣ በሌላ በምን ላግኝሽ? እኔኮ አየሽኝ ብዬ ነው በየሳምንቱ ፊቴ እየቀላ የምመለሰው።»

ይህን ጊዜ የታቆረው ሁሉ ገነፈለ።

«እኔን? እኔን ነው ወይስ ገነቴን? ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አቶ ላምቤቦ ደጅ የምትቆመው ለእኔ ብለህ ነው? አባቷ ወደ ገበያ ሲወጣ ጠብቀህ! አተካናው ጣፈጠህ?»

ሚክያስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ሌሊት? የምን ሌሊት? እኔ የምቆመው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። አንቺ ቢሮ የምትገቢበት ሰዓት ነው ብዬ…»

«መሣሪያ አይዋሽም!»

«ሰውስ? ሰው ይዋሻል?» አለ፣ ፊቱ ጠቆረ። ብሎን መፍቻውን ከኪሱ አወጣና ሳጥኗን ከፈታት። ከውስጥ ካለችው ትንሽ መስኮት ላይ ሰዓቷ ይበራል። አምስት ይላል። የእጁን ሰዓት አጠገቧ አደረገ፤ አምስት ሰዓት። «ይኸው እዪ። ልክ ናት።»

አቢጋኤል የራሷን የእጅ ሰዓት አየች። አምስት ሰዓት። «ልክ ናት» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ልክ መሆን የለባትም፤ አሁን አሥራ አንድ ማለት ነበረባት። ሳጥኖቹ ሁሉ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሄዱት። ከማንም አበሻ የክንድ ሰዓት ጋር ሊስማሙ አይችሉም፤ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ይለያያሉ። ይህቺ ሳጥን ከክንዷ ጋር ከተስማማች ተሳስታለች ማለት ነው።

«ሚክያስ» አለች። «ሰዓቷን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ መብረቅ የመታት ጊዜ ባትሪ ስቀይር ሰዓቷ ጠፋ። ስልኬም ሞቶ ነበር፣ ዝናቡም እየወረደ…» ክንዱን አየ። ሳጥኗን አየ። «በእጄ ሰዓት ሞላሁት» አለ ቀስ ብሎ። «ወይ እኔ!»

አቢጋኤል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ከሰማያዊዋ መስመር ዝቅ ብሎ ሌላ ቢጫ መስመር ነበር፤ የፀሐዩ። ክረምቱን ሙሉ እዚያው ነበር፣ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ። እሷ የምታየው ሰማያዊውን ብቻ ስለነበር አንድም ቀን አላየችውም። አሁን አየችው። ሌሊት ባለችው ሰዓት፣ ሰው ቆመ ባለችበት፣ በር ተከፈተ ባለችበት ሰዓት ሁሉ ጠዋት ነበር። ጉም የሸፈናት ብትሆንም ፀሐይ ወጥታ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀው ሚክያስ ነው። «እኔ ሌባ! ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በር የሚያስከፍት ሌባ!» አለ። ሳቁ ያምር ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ የናፈቃት ሳቅ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እሺ ብያለሁ» አለች።

«ምን?»

«ለዱራሜው። ለአባቴ እሺ ብያለሁ። እሁድ ሽማግሌ ይመጣል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ሞተ። ብሎን መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሳጥኗ ሰዓት ብትስት ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «አንቺ ግን የሳትሽው ሰዓት አይደለም፣ አቢ። ሰው ነው።»

አቢጋኤል ሳጥኗን ወደ ራሷ ሳበችና ሰዓቷን አስተካከለች። እንባዋ መስታወቱ ላይ ወረደ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «መልሰህ ትከላት» አለችው። «ትእዛዙን እኔ አስቀይራለሁ።»

ሚክያስ ሳጥኗን በጃኬቱ ሸፈናትና ወጣ። አዎም አይም አላላትም። አቢጋኤል መስኮቱ ጋ ሄዳ በዝናቡ ውስጥ ጀርባውን እያየች፣ በሰው ላይ ሳይሆን በራሷ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደደች።

ያን ማታ አባቷ ፊት እንደገና ቆመች። አቶ ጴጥሮስ እራት በልተው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ነበር።

«አባዬ፣ የዱራሜዎቹ እንዳይመጡ።»

«ምን አልሽ አንቺ? የእኔ ቃል የልጅ ኳስ ነው?»

«የአንተን ቃል አይደለም፣ የእኔን ነው ያፈረስኩት። እሺ ያልኩት ስለፈለግኩ አይደለም፤ ቀንቼ ነው» አለች። እንዲህ ብላ ለአባቷ መናገሯ ራሷንም አስደነገጣት። «ሚክያስ ቤት የለውም። ቃል ግን አለው። እየደወልኩለት አላነሳም፣ እያለቀስኩ አልደወለም፤ ለአንተ የገባውን ቃል ብሎ።»

አቶ ጴጥሮስ መጽሐፋቸውን ከደኑ። «ውጪ ከፊቴ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ፈራችው አልከበደም። እሁድ የዱራሜ ሽማግሌዎች አልመጡም። አባቷም ለሳምንት አላናገሯት፤ ቤቱ ውስጥ ሳህን ሲነካ እንኳ ያስደነግጥ ነበር።

የገበያው ቀን ደረሰ። በማግስቱ አቢጋኤል ከማንም ቀድማ ቢሮ ገባች። ተመልሳ የተተከለችውን የሰባተኛዋን ወሬ ከፈተች። ሰዓቷ ልክ ነው፤ ፀሐዩም በቀን ነው። ሰማያዊዋ መስመር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቀጥ ብላ ውላለች። ሰው የሚባል አልቆመም።

ከፍና ዝቅ እያደረገች ደጋግማ አየቻት። ምንም የለም። ያኔ፣ ታምኑኝ እንደሆነ፣ ያ የረገመችው ቅናት ከተኛበት ብድግ አለ። ቢተወኝ ይገባዋል፤ አሁን ገነቴ ቤት ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጦ ይሆናል፣ ደጅ መቆም ምን ያደርግለታል፣ አለች። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ከአሁን በኋላ ማንንም የመጠርጠር መብት እንኳ የላትም፤ ያ ነው ያንሰፈሰፋት።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው።

«ቤት ነይ። ሽማግሌዎች መጥተዋል።»

ዱራሜዎች! አባቷ ለካ ዝም ያሉት ለዚህ ነው። ባጃጅ ያዘች፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ መንገዱን አላየችውም። እንግዶቹን ላለማየት በጓሮ በር ገባችና ጓዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። በመጋረጃው ሥር የሚታዩት፣ ከበራፉ አጠገብ የተደረደሩት የእንግዶች ጫማዎች እስከ አፋቸው ጭቃ ነበሩ። አይሱዙ ያለው ሰው እንዲህ ይጨቀያል? ብላ ግራ ገባት።

ከሳሎን ጸሎት አለቀ፤ አሜን ተባለ። አንድ የሽማግሌ ድምፅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አቶ ጴጥሮስ፣ እኔ ላምቤቦ እባላለሁ። ከአንጋጫ ነው የመጣነው። ትናንት በዚያ ገበያ አልዋልንም፣ ልጁም ሥራ አልገባም፤ ሦስት ሽማግሌ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ስንዞር ዋልን። ቤት የለውም ብለሃል አሉ። እውነት ነው፣ የለውም። እኛም አለው ልንልህ አልመጣንም።»

አቢጋኤል የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጣ ቀረች።

«ይህ ልጅ በዚህ ክረምት በየገበያው ቀን ጠዋት ከእንሰቴ መሃል እየመጣ ይቆማል። ጃንጥላ የለው፣ ምን የለው። መጀመሪያ ቀን ዘግይቼ ወጥቼ ሳየው ላም የጠፋበት መሰለኝ። ሁለተኛ ቆመ ሲሉኝ አበደ ብዬ ጸለይኩለት። በኋላ ልጄ ገነቴ ብትጠይቀው ‹ሆሳዕና ያለች ልጅ እያየችኝ ነው› አላት። ሆሳዕና! ያኔ በእርግጥ አብዷል አልንና ገነቴ ትኩስ ነገር እየሠራች ታበላው ጀመር። በብርድ እንዳይሞትብን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አቢጋኤል አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያ አተካና! ክረምቱን ሙሉ ያቃጠላት አተካና ለካ ለእብድ የተሰጠ ምግብ ነው። ገነቴን ስታማ የከረመችበት አፍ አቃጠላት።

አቶ ጴጥሮስ አልሳቁም። የቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይጮሃል።

«ልጁ አሁን የት ነው?» አሉ።

«ውጪ ነው። ግባ ብንለው ቤት ሳይኖረኝ ደጃቸውን አልረግጥም አለ። ዝናብ ላይ መቆሙን እንደሆነ ለምዶታል።»

አቶ ጴጥሮስ ወደ በሩ አዩ።

«እንግዲህ ግድግዳውን ያቁም» አሉ። «ቆርቆሮው ከእኔ ነው።»

አቢጋኤል የቀረውን አልሰማችም። ወደ መንገዱ ወደሚያየው መስኮት ሮጠች። ከመንገዱ ማዶ፣ በሁለት የመብራት ምሰሶዎች መካከል፣ ሚክያስ ራሱ እስኪንጠባጠብ ረጥቦ ቆሟል። የመስኮቱ መጋረጃ ሲነቃነቅ ቀና አለና አያት። እስካሁን የተቀየማት መሆኑ ፊቱ ላይ ነበር፤ ግን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለም።

ትንሽ ልታየውና ወደ ጓዳ ልትመለስ ነበር። ዓይኗ ግን አልነሣ አላት።